ኤአይ ሳይት ገብቶ ምን ሊያነብ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሠራተኛው ወጥቷል፣ ሚክሰሩ ታጥቧል፣ ሳይት ቢሮ ውስጥ አንድ ወጣት ኦፊስ ኢንጂነር የሳምንቱን ዳያሪ፣ ማለትም የሳይቱን የዕለት መዝገብ፣ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከሰኞ ጀምሮ አልተሞላም። ሰኞ ስንት ፌራዮ (የአርማታ ብረት ሠራተኛ) ነበር? አስር ይሆናል። ማክሰኞስ? ያው አስር። አየሩ? "ፀሐያማ"። ረቡዕ ላይ ያካፋ ይመስለዋል፣ ግን ጠዋት ነበር ከሰዓት? ተወው፣ ፀሐያማ። ሐሙስ የአርማታ መኪናው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የሶሌታው፣ የፎቁ ወለል አርማታ፣ ሙሌት ግማሽ ላይ ቆሞ ነበር። ይሄን ልጻፈው አልጻፈው እያለ ቀና ብሎ ፎርማኑን ያየዋል። ፎርማኑ ራሱን ይነቀንቃል። አይጻፍም። በሃያ ደቂቃ ስድስት ቀን ተሞላ፤ ሰኞ ሱፐርቫይዘሩ ይፈርምበታል።

ይሄ የአንድ ዝርክርክ ሳይት ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ግንባታ ላይ የሠራ ሰው ሁሉ በዓይኑ አይቶታል፣ ብዙዎቻችንም በእጃችን ጽፈነዋል። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶ ሲቀበል፣ ልኬት ሲወስድ፣ የክፍያ ሰነድ ሲያዘጋጅ ነው የከረመው። ዳያሪው ደግሞ ለእሱ ጠብ የመጣ ቀን የሚመዘዝ ወረቀት ነው። ስለዚህ የሚጎዳው አይጻፍም፣ የሚጠቅመው ጎላ ብሎ ይጻፋል።

እንግዲህ ሰው ሰራሽ አስተውሎት፣ በአጭሩ ኤአይ፣ ግንባታ ውስጥ ይግባ ሲባል ቁጭ ብሎ የሚያነበው ይሄንኑ ዳያሪ ነው። ያንን ሶሌታ አንድ ወጥ ሆኖ የተሞላ አርማታ ብሎ ይመዘግበዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በመሀሉ መስመር ይዞ ቢሰነጠቅ፣ ማሽኑ ምክንያቱን ሊያገኘው አይችልም፤ መረጃውን ቅዳሜ ከሰዓት ቀብረነዋል። ማሽኑ ብልህ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ እናጠፋለን። እኔን የሚያሳስበኝ ምን እናበላዋለን የሚለው ነው። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ቢናገር ማን ሊሰማው ይፈልጋል?

ጉጉቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዘርፉ ከታመመ ቆይቷል። ማኪንዚ ግሎባል ኢንስቲትዩት በ2017 ባወጣው ጥናት (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከዚያ በፊት በነበሩት ሃያ ዓመታት የግንባታ ሠራተኛ ምርታማነት በዓለም ደረጃ ያደገው በዓመት በአማካይ 1 በመቶ ብቻ ነው። ፋብሪካዎች በዚያው ጊዜ በ3.6 በመቶ ነበር የሚያድጉት። ዴንማርካዊው የሜጋ ፕሮጀክቶች ተመራማሪ ቤንት ፍሊቭብዬርግ ደግሞ ከ16,000 በላይ ፕሮጀክቶች መዝግቦ ሲያበቃ በተባለው ጊዜና በተባለው ገንዘብ ያለቁት 8.5 በመቶ ሆነው ነው ያገኛቸው። ቃል የተገባው ጥቅምም ተሟልቶ ይቆጠር ሲባል ቁጥሩ ወደ 0.5 በመቶ ይወርዳል። ከ200 አንድ ማለት ነው። በሌላ ሙያ ቢሆን ሱቁ ይዘጋ ነበር።

በዚህ ላይ የሰው እጥረት አለ። ጃፓን ውስጥ በ1997 ወደ 6.85 ሚሊዮን ደርሶ የነበረው የግንባታ ሠራተኛ ዛሬ 5 ሚሊዮን አይሞላም፤ ያለውም አርጅቷል፤ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ገደብ በሕግ መጥቷል። ሰው የለም፣ ያለው ሰውም ማምሸት አይችልም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ማሽን ቅንጦት አይደለም።

ግን ወሬውና መሬት ላይ ያለው ነገር ገና አልተገናኙም። የብሪታንያው የቀያሾችና የንብረት ባለሙያዎች ተቋም፣ ሪክስ፣ በ2025 ከ2,000 በላይ ባለሙያዎችን ጠይቆ 45 በመቶዎቹ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ ምንም ኤአይ እንደሌለ ነግረውታል። 34 በመቶዎቹ ገና ሙከራ ላይ ነን ብለዋል። ሙከራ የሚለውን ቃል ደግሞ እናውቀዋለን፤ አንድ ፍላጎት ያለው ልጅ ላፕቶፑ ላይ የሚነካካው ነገር ሊሆን ይችላል።

እስኪ ከሚሠራው እንጀምር። ሜታ፣ የፌስቡክ ባለቤት፣ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ለአዲስ የዳታ ማዕከሉ ግንባታ የሚሆን የአርማታ ውህድ በኤአይ አፈላልጎ ነበር። ነገሩ በ2022 ይፋ ሲሆን ውህዱ ከተለመደው 40 በመቶ ገደማ ያነሰ ካርበን ነው የሚያስወጣው ተባለ። ሲሚንቶ ብቻውን ከዓለም የካርበን ልቀት 8 በመቶ አካባቢ እንደሚይዝ ካሰብን ትልቅ ነገር ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ማሽኑ የተማረበት መረጃ ለማንም ክፍት የሆነ፣ 1,030 የአርማታ ውህዶች የተመዘገቡበት አንድ ሰንጠረዥ ነው። ይሄው ነው። ሲሚንቶ ስንት፣ ውሃ ስንት፣ ጠጠር ስንት፣ አሸዋ ስንት፣ ስንት ቀን ሆነው፣ ሲጨመቅ በስንት ተሰበረ።

ለምን ሠራ? እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ የመጭመቂያ ማሽን የተናገረው ቁጥር ስላለ ነው። ናሙናው ተሰበረ፣ ቁጥሩ ተጻፈ፣ አለቀ። ዓይኑን አይቶ ራሱን የሚነቀንቅ ፎርማን እዚያ የለም። ሺህ ንጹሕ መስመር ከመቶ ሺህ ገጽ ዳያሪ በልጦ የተገኘው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የሚሠራ ነገር የሄልሜት ካሜራ ነው። እንደ ቢልዶትስና ኦፕንስፔስ ያሉ ኩባንያዎች የሚሸጡት ይሄንን ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ሄልሜት ላይ ዙሪያውን የሚያይ ካሜራ ይገጠማል፣ ሰውየው እንደ ልማዱ ፎቅ ለፎቅ ይዞራል፣ ሶፍትዌሩ ምስሉን የትኛው ክፍል እንደሆነ ለይቶ ከፕላኑ ጋር ያስተያየዋል። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከሊፍቱ በስተግራ ያለው ክፍል፤ የኤሌክትሪክ ቱቦው ግድግዳው ውስጥ አልተቀበረም፣ ልሳኙ ግን ነገ እዚያ ሊገባ ነው። ይሄን ዛሬ ማታ ማወቅና ከሦስት ሳምንት በኋላ ማወቅ ምን ያህል እንደሚለያይ፣ የተለሰነ ግድግዳ ሲቦረቦር አጠገቡ ቆሞ አቧራውን የዋጠ ሰው ያውቀዋል። ልሳኙ ይናደዳል፣ ኤሌክትሪሺያኑ "ማን ነገረኝ" ይላል፣ ቀለም ቀቢው ተመልሶ ይሄዳል፣ ሂሳቡን ማን ይክፈል በሚለው ደግሞ ሦስት ደብዳቤ ይጻፋል።

እንግዲህ ካሜራው ግድግዳውን ከምን ጋር ነው የሚያስተያየው? ከሞዴሉ፣ ኮምፒውተር ላይ ካለው የሕንፃው ፕላን። ሞዴሉን ማን አደሰው? ባለቤቱ ሳይት ሊጎበኝ መጥቶ "ይቺን ግድግዳ ትንሽ ወደዚህ ብታደርጓት" ብሎ በቃል አዞ ከሄደ ሁለት ወር ሆኖታል። ግድግዳው ተነስቷል። ፕላኑ ላይ ግን የድሮው ቦታ ነው። በዚህ ዓይነት ሶፍትዌሩ በማግስቱ የአርባ ክፍል ስህተት ዘርዝሮ ያመጣል፣ ሠላሳ ስምንቱ ስህተት አይደሉም፣ ሁለቱ ትክክለኛ ናቸው፣ እነዚያን ሁለቱን ደግሞ ማንም ፈልጎ አያወጣቸውም። በሦስተኛው ሳምንት ሪፖርቱን የሚከፍት ሰው አይኖርም። "ኤአዩ አይሠራም" ተብሎ ይፈረድበታል። ምስኪን።

ከዚህ የባሰው ግን ገንዘብ ያለበት ቦታ ነው። ወር ሲያልቅ ተቋራጩ ስንት በመቶ ሠራሁ ይላል፣ አማካሪው ስንት በመቶ ያጸድቃል፣ ክፍያው በዚያ ይወጣል። ይሄ ቁጥር በልኬት ይሠራል ይባላል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን ግማሹ ልኬት ነው፣ ግማሹ ድርድር። ተቋራጩ ለሠራተኛ ደሞዝ የሚከፍለው እንዲያገኝ ትንሽ ቀደም ያደርገዋል፤ አማካሪው ይህን ስለሚያውቅ ትንሽ ይቀንሳል፤ መሀል ላይ ይገናኛሉ። ለዘመናት የኖረ፣ ሁለቱንም ያኖረ አሠራር ነው። አሁን ካሜራው ሦስተኛ ቁጥር ይዞ ይመጣል። 61 በመቶ። ይሄን ቁጥር ማን ይፈልገዋል? ተቋራጩ 70 ብሎ ነበር። አማካሪው ባለፈው ወር 66 ላይ ፈርሟል፤ አሁን 61 ነው ቢባል መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ባለቤቱ ደስ ይለዋል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ያው ካሜራ የሳሎኑ ሥራ ለስድስት ሳምንት የቆመው እሱ የሴራሚክ ምርጫውን ስላላሳወቀ እንደሆነም ቀኑን ቆጥሮ ያሳያል።

ለዚህ ነው ብዙ ቦታ ላይ ቴክኖሎጂው የሚቆመው መሐንዲሶቹ ጋ ሳይሆን የሕግ ክፍሉ ጋ የሆነው። ምስሉ የማን ነው? ክርክር ቢነሳ ተቃራኒው ወገን አምጡ ማለት ይችላል? እነዚህ የዋዛ ጥያቄዎች አይደሉም። እያንዳንዱ ወገን ማስረጃው የሌላውን ጥፋት ብቻ እንዲያሳይ ነው የሚፈልገው። ውሉ ራሱ እንዲህ አድርጎ ነው የሠራን፤ መጀመሪያ ጥፋቱን ያመነ ከፋይ ይሆናል። በእንደዚህ ዓይነት ውል ውስጥ ሐቀኛ ማሽን ማስገባት ቁማር ጠረጴዛ ላይ መስተዋት እንደማስቀመጥ ነው።

በርሊንን ተመልከቱ። የብራንደንቡርግ አየር ማረፊያ ሰኔ 2012 መጀመሪያ ላይ ሊከፈት ግብዣው ሁሉ ተሰናድቶ ነበር። አራት ሳምንት እንኳን ሳይቀረው ተሰረዘ። የእሳት አደጋ መከላከያው፣ በተለይ ጭስ የሚያስወጣው ክፍል፣ አልሠራም። ስርዓቱ በራሱ እንደማይሠራ ሲታወቅ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ምን ነበር መሰላችሁ? በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ስልክ ይዘው በየበሩ እንዲቆሙና እሳት ሲያዩ እንዲደውሉ። በጀርመን! አየር ማረፊያው የተከፈተው በጥቅምት 2020 መጨረሻ ነው። አሁን ታዲያ ኤአይ ቢኖር ኖሮ ያድናቸው ነበር ወይ ቢባል፣ እኔ እጠራጠራለሁ። ኬብሉ ያላለቀበትን፣ በሩ ያልተገናኘበትን ቦታ እዚያው የሚሠሩት ሰዎች ያዩት ነበር። የጎደለው ከታች የታየውን ላይ ድረስ የሚያደርስ መንገድ ነው፤ ያንን ደግሞ በሶፍትዌር አትገዛውም።

ሮቦቶቹን በተመለከተ ብዙ አልልም፣ ቪዲዮውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ኮርኒስ የሚበሳ የሂልቲ ሮቦት አለ፣ ወለል ላይ የግድግዳውን መስመር እያተመ የሚሄድ የደስቲ ሮቦቲክስ ማሽን አለ፣ ጃፓን ውስጥ ካጂማ የሚባለው ተቋራጭ የናሩሴ ግድብን ሲሠራ ዶዘሮችና ሮለሮችን ያለ ሹፌር አሰማርቷል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቢልት ሮቦቲክስ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2016 ሲነሳ ኤክስካቫተርን ራሱን በራሱ የሚነዳ ሊያደርግ ነበር። በ2023 ይዞት የወጣው ትልቁ ማሽን ግን ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ ምሰሶ የሚተክል ነው። ለምን? የፀሐይ እርሻ ማለት አንድ ዓይነት ምሰሶ በሺዎች ጊዜ በሜዳ ላይ መትከል ነዋ። ፋብሪካ ነው፣ ጣሪያ የሌለው። ማሽኑ ሥራው ወደሚደጋገምበት ሄደ። ግድብም እንደዚያው ነው፤ አፈር ማፍሰስ፣ መደልደል፣ መጠቅጠቅ፣ እንደገና። በአንድ ጠባብ ግቢ ውስጥ፣ ባለቤቱ በየሳምንቱ ሐሳቡን እየቀየረ የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ቤት ላይ ሮቦት የሚጠብቅ ሰው ብዙ ይጠብቃል።

በዝምታ እየገባ ያለው ጽሑፍ አንባቢው ኤአይ ነው፣ እነ ቻትጂፒቲና ዘመዶቹ። እዚህ ላይ ጥቅሙ እውነተኛ ነው። የአንድ ትልቅ ሕንፃ ውል፣ ስፔስፊኬሽን (የሥራው የጥራት መስፈርት)፣ ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ ተደምሮ በሺዎች ገጽ ይሆናል። "የውሃ መከላከያው ዋስትና ስንት ዓመት ነው የተባለው?" ብሎ አንድ ሰው ግማሽ ቀን ፋይል ያገላብጣል። ማሽኑ በሰከንድ ገጹን ያወጣዋል። ከዚህም የሚበልጠው፣ ስፔስፊኬሽኑ አንድ ነገር ብሎ የሥራ ዝርዝሩ ሌላ ሲል፣ ፕላኑ ደግሞ ሦስተኛ ሲል አንዱን ከአንዱ አጋጭቶ ማሳየት ይችላል። ይሄ አድካሚ፣ አሰልቺ፣ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ ለማሽን የተፈጠረ።

ችግሩ ሳያውቅም በሙሉ ልብ መናገሩ ነው። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠረላቸውን፣ ጭራሽ የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አቤቱታ አስገብተው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጠበቃ ላይ ሲሆን ያሳፍራል። የፌሮ (የአርማታ ብረት) ዲያሜትር ላይ ሲሆን ግን እፍረት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ደንቤ አንድ ነው፤ ማሽኑ የትኛው ሰነድ፣ ገጽ ስንት፣ የትኛው አንቀጽ ካላለኝና ገልጬ ካላየሁት መልሱን እንዳልሰማሁ ነው የምቆጥረው። "እንደ አጠቃላይ አሠራር" ብሎ ከጀመረ ደግሞ ወዲያው እዘጋዋለሁ።

ይሄ ወደ ፊርማ ያመጣናል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ የነገሩ እምብርት ይሄ ነው።

ሐምሌ 17፣ 1981። ካንሳስ ሲቲ፣ ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል። ሆቴሉ ከተከፈተ ገና ዓመቱ ነው። ሎቢው ውስጥ ሰው እየጨፈረ ነው። ከላይ፣ በአየር ላይ የተንጠለጠሉ መተላለፊያ ድልድዮች አሉ፤ የአራተኛው ፎቅና የሁለተኛው ፎቅ አንዱ ከአንዱ በላይ። ሁለቱ ተያይዘው ወደቁ። 114 ሰው ሞተ።

ምክንያቱ እጅግ ትንሽ ነገር ናት። በመጀመሪያው ንድፍ ከጣሪያው የሚወርደው የብረት ዘንግ አንድ ረጅም ነው፤ የአራተኛውን ፎቅ ቢም በስቶ ያልፍና ታች የሁለተኛውንም ይይዛል። እያንዳንዱ ድልድይ ዘንጉ ላይ በሚጠብቅ በየራሱ ዳዶ ላይ ነው የሚያርፈው። ብረት ሠሪው ግን ይህን ሁሉ ርዝመት ጥርስ ማውጣትና ዳዶውን እስከ መሀል ማሽከርከር አስቸጋሪ ሆነበት፤ በሁለት አጭር ዘንግ ይተካ ተባለ። አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛው፣ ሌላው ከአራተኛው ቢም ተንጠልጥሎ እስከ ሁለተኛው። ሲያዩት ያው ነው። ግን አሁን የአራተኛው ፎቅ ዳዶ የራሱን ድልድይ ብቻ ሳይሆን የታችኛውንም መሸከም ጀመረ። ጭነቱ እጥፍ ሆነ። (በኋላ ሲመረመር የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የግንባታ ሕግ ከሚጠይቀው 60 በመቶውን ብቻ ነበር የሚችለው። እጥፉ ሲጨመር አስቡት።) ለውጡ ሾፕ ድሮዊንግ፣ ብረት ሠሪው የሚሠራበት ዝርዝር ንድፍ፣ ላይ ነበር። ማኅተምም ነበረበት። መሐንዲሶቹ በሚዙሪ ግዛት ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ዛሬ ሁለቱን ንድፎች የሚያስተያይ ኤአይ ቢኖር ልዩነቱን ያወጣው ነበር? ሳይሆን አይቀርም። አንድ ዘንግ ሁለት መሆኑን ማየት ከባድ አይደለም። ግን የካንሳስ ሲቲ ጉድ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ብረት ሠሪው መሐንዲሱ ያሰላዋል ብሎ አሰበ፣ የመሐንዲሱ ቢሮ ብረት ሠሪው ያሰላዋል ብሎ አሰበ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ያንን አንድ ዳዶ ማንም ሳያሰላው ማኅተም ተመታበት። አሁን እዚህ መሀል ሌላ መደገፊያ እናስገባ ነው የምንለው፤ "ሶፍትዌሩ አይቶታል"። ሁለት ሰው እርስ በርስ ሲደጋገፍ ያለቀውን ነገር ሦስተኛ ጨምረንበት እንዴት እንደሚድን አይገባኝም። ማሽኑ ይፈትሽ፣ ደስ ይለኛል። ግን ፊርማ የሚያኖረው ሰው "ቀይ ምልክት አላመጣም" ብሎ እንዲፈርም ከተፈቀደለት ከ1981 የባሰ ቦታ ላይ ነን። ማሽኑ ፈቃድ የለውም፤ የሚነጠቀው ነገር የለውም።

ስለ ደኅንነት ካሜራዎች ደግሞ ሁለት ልብ ነኝ። አሜሪካ ውስጥ በ2023 ብቻ ከ1,000 በላይ የግንባታ ሠራተኞች ሥራ ላይ ሞተዋል፤ ከሦስቱ ከአንዱ በላይ ወድቀው ነው። ቀበቶ ያላሰረን፣ ጠርዝ ላይ ያለ መከላከያ የቆመን ሰው አይቶ የሚጮህ ካሜራ ነፍስ ያድናል፤ ለዚህ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ግን ያው ካሜራ ማን ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ፣ ማን ስንት ጊዜ ሽንት ቤት እንደሄደም ያያል። ሠራተኛው ይሄን ለማወቅ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም። ከዚያ በኋላ ካሜራው የማያይበትን ጥግ ይፈልጋል፣ ያ ጥግ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከሁሉ አደገኛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ ሥራ ቦታ ላይ የሠራተኛን ስሜት ከፊቱ የሚያነብ ሥርዓትን፣ ከሕክምናና ከደኅንነት ምክንያት ውጭ፣ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ከልክሏል፤ ሠራተኛን የሚከታተሉና የሚገመግሙትን ደግሞ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው መሀል መድቧቸዋል። ሕግ ባይኖርም ቀላሉ መፍትሔ ግልጽ ነው፦ የደኅንነት ካሜራ መረጃ ለደሞዝ ቅጣት አይውልም ብሎ መጻፍ፣ መለጠፍና መጠበቅ። ሦስተኛው ነው ከባዱ።

ስለ ጀማሪ መሐንዲሶችም የሚቆጨኝ ነገር አለ። ልኬት ከፕላን ማውጣት፣ ፌሮ መዘርዘር፣ ይሄ ሁሉ ለአዲስ ተመራቂ የሚሰጥ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ኤአይም መጀመሪያ የሚወስደው ይሄንኑ ነው። ይውሰድ። ግን ብዙዎቻችን ፕላን ማንበብ የተማርነው እሱን እየቆጠርን ነው። አንድ ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) ውስጥ ስንት ፌሮ እንዳለ በእጁ ቆጥሮ የማያውቅ ልጅ ማሽኑ 16 ማለት ሲገባው 6 ቢለው ምኑ ይከነክነዋል? ለዚህ መልስ አለኝ አልልም። ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት በእጅም በማሽንም ሠርቶ የተለያየበትን ቦታ ራሱ ይፈልግ እላለሁ፤ አለቆች ግን ለዚህ ጊዜ መስጠት አይወዱም።

ገንዘቡስ? ግንባታ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያሸንፉበት፣ ትርፉ ስስ የሆነ ሥራ ነው። ሶፍትዌሩን የሚገዛው ተቋራጩ፣ ጥቅሙ የሚደርሰው ባለቤቱ ጋ ከሆነ ማንም አይገዛም። ብዙ ገንዘብ ማፍሰስም ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነ ካቴራ አሳይቶናል። በ2015 ተመሥርቶ፣ ግንባታን እንደ ፋብሪካ እናደርገዋለን ብሎ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ፣ ሰኔ 2021 ላይ ኪሳራ አወጀ። ኤአይ አልነበረም ዋናው ሥራው፣ ግን "ይሄን ኋላ ቀር ዘርፍ እኛ መጥተን እናስተካክለዋለን" የሚለው አነጋገር ያው ነው። እንዲህ የሚል ሰው ስሰማ ስንት ሳይት ላይ ጭቃ እንደረገጠ መጠየቅ ያምረኛል።

እና ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ እኔ ብሆን ሶፍትዌር ሳልገዛ ነው የምጀምረው። አንድ ነገር እመርጣለሁ፣ ለምሳሌ አርማታ። መኪናው የመጣበት ሰዓት፣ ማፍሰስ የጀመረበትና የጨረሰበት ሰዓት፣ የቆመ ከሆነ ለምን፣ ናሙናው በ7 እና በ28 ቀኑ በስንት ተሰበረ። ስልክ ላይ፣ እዚያው ቆሞ፣ በደቂቃው። እናም አንድ ከባድ ነገር፦ ቆሟል ብሎ የጻፈ ሰው በጻፈው አይቀጣም። ለስድስት ወር ይሄ ከተያዘ ማሽኑ የሚያነበው ነገር አገኘ ማለት ነው፤ የትኛው አቅራቢ ስንት ሰዓት እንደሚያዘገይ፣ በየትኛው ሰዓት የሚሞላ ሶሌታ ችግር እንደሚበዛበት ያወጣዋል። ካልተያዘ ደግሞ የትኛውም ዋጋ ያለው ሶፍትዌር ቢመጣ ለውጥ የለውም፣ ገንዘቡን ለሠራተኛ ጓንት አውሉት።

ሻጩ ሲመጣ ደግሞ ማሳያውን ስላይድ አስቁሙትና አንድ ነገር ጠይቁት፤ "እንደኔ ያለ ሳይት ላይ ተሳስቶ የሚያውቀውን አሳየኝ፣ ስህተቱን ማን እንዳገኘውም ንገረኝ።" ጥሩው ሻጭ ላፕቶፑን ከፍቶ ያሳያችኋል፣ የት እንደሚያመው ስለሚያውቅ። ሌላኛው ፈገግ ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ ያልፋል። እኔ ያጋጠሙኝ አብዛኞቹ ያለፉት ወደ ቀጣዩ ነው፤ አንዷ ግን "ዝናብ ሲሆን ካሜራው ፌሮውን ከጥላው መለየት ያቅተዋል" ብላኝ ቁጭ ብለን ሁለት ሰዓት አወራን።